አቻምየለሽና የሳል አግዳሚ

ስለ አቻምየለሽ የምጽፈው ስለምወዳት አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ጊዜ ስሟ ሲጠራ ጆሮዬ ይግል ነበር። እሷ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ የሳይንስ መምህርትና የጤና ክበብ ተጠሪ። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ሠልጥኛለሁ፤ የምስክር ወረቀቶቼ በፕላስቲክ ተለብጠው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅለዋል። ሁለተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት መጥረጊያ ይዛ መጥታ ይኼን ሁሉ ከቁብ ሳትቆጥረው ስትቀር ደስ የሚለው ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ያምሮት እባላለሁ። ቀናተኛ ነኝ፤ የወለደችኝም ታውቀዋለች።

ትምህርት ቤቱ ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ ሲኬድ ከአስፋልቱ ታጥፎ ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ግራና ቀኙ በቆሎና በርበሬ ነው። እኔና ልጄ ሕሊና በየጧቱ ከከተማ በባጃጅ እንመጣለን። ነገሩ በሆነበት በ2015 ዓ.ም. ሕሊና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከተማ ውስጥ ላስገባት እችል ነበር፤ ደረቷ ደካማ ስለሆነ ግን ከዐይኔ እንድትርቅ አልፈለግሁም። ያም ሆኖ አንድ ሕግ አወጣሁላት።

"ከዚህ በር ወዲህ እናትሽ አይደለሁም፤ ቲቸር ነኝ" አልኋት።

መምህራን ለልጆቻቸው ያዳላሉ የሚለው ሐሜት እኔን እንዳይነካኝ ብዬ ነው። ሕሊና የታዘዘችውን የምታከብር ልጅ ናት። በሩን ካለፍን ጀምሮ "ቲቸር" ትለኛለች። እኔም ኮራሁባት። ያን ጊዜ የተሳሳትሁ አልመሰለኝም።

አቻምየለሽ የቡሬ ገጠር ሰው ናት፤ የቄስ ወልደ ገብርኤል ልጅ። ታሪኳን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ እኔማ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ልጅ ሆና ሁለተኛ ክፍል ሳለች ትክትክ ያዛት። መምህሯ "ሳምንት ያህል ቤትሽ ቆይ" ብሎ ሰደዳት። ሕመሙ ለቀቃት፤ ነገር ግን ቤት የዋለች ልጅ ሥራ አይጠፋላትም። መጀመሪያ ጥጃ ጠብቂ ተባለች፤ ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟን አዝይ ተባለች፤ ከዚያ አጨዳ ደረሰ፤ ከዚያ ተዳረች። ያች አንዲት ሳምንት ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆናት። ባሏ ሲሞት ዘመድ ተከትላ ወደ እኛ አገር መጣች፤ ትምህርት ቤቱም መጥረጊያ ሰጣት። ልጆቹ "እታለም" ይሏታል። እኔን እታለም ያለኝ ልጅ የለም።

በጤና ክበቤ በጣም እመካ ነበር። ኮሮና ካለፈ በኋላ ግድግዳው ላይ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብለን በቀይ ቀለም አስጻፍን። በየጧቱ ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ስለ እጅ መታጠብ፣ አፍን በክንድ ሸፍኖ ስለ ማሳል እናገራለሁ። ያሳለ ልጅ ከተገኘ ወደ ፊት አወጣውና ሁሉም እያየው ወደ ቤቱ እልከዋለሁ። መመሪያው የታመመ ልጅ ቤቱ ይረፍ ይላል እንጂ በሰው ፊት አውጡት አይልም። እሱ የእኔ ጭማሪ ነው።

በዚህ ዘዴ ልጆቹ ማሳል አቆሙ፤ በእኔ ፊት ማለቴ ነው። እናቶች ጧት ዳማከሴ ጨምቀው ያጠጧቸውና "ቲቸር እንዳትሰማሽ" እያሉ ይልኳቸው ጀመር። ሳላቸውን መዋጥ ለመዱ። ክፍል ሲገቡ ደግሞ በአንድ ክፍል የታጨቀው ሰባ ልጅ "ነፋስ ይመታናል" ብሎ የቆርቆሮውን መስኮት ጥርቅም ያደርጋል። አንዱ ያስነጠሰውን ሁሉም ይተነፍሰዋል። ሪፖርቴ ላይ ግን ሳል የሚባል ነገር አልነበረም።

በመስከረም መጨረሻ እህተ ማርያም የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪን እንደ ልማዴ ሰደድኋት። ሦስት ቀን ነበር ያልኋት። ጊዜው የበቆሎ እሸት ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ስለነበር ልጅቱ በዚያው ማሳ ላይ ቀረች። እኔ "ቀሪ" ብዬ ምልክት አደረግሁ። አቻምየለሽ ግን አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ ከልጅቱ አባት ጋር እንደ ከሰል ፍም የሚፋጅ ክርክር ገጥማ፣ ሰኞ ጧት እጇን ይዛ መለሰቻት። ልጅቱ አሁንም ታስል ነበር።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አቻምየለሽ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን ጎትታ አወጣች። እግሩን በሽቦ አሰረችው። ከአራተኛ ክፍል መስኮት ውጪ፣ ጥቁር ሰሌዳው በሚታይበት በኩል፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። የመስኮቱንም ቆርቆሮ "ሊጠገን ነው" ብላ ነቅላ ወሰደችው። በዚያው ሰሞን የየክፍሉ መስኮት ሁሉ ተራ በተራ "ሊጠገን" ተነቀለ፤ በየክፍሉም ውጪ አንዳንድ አግዳሚ በቀለ። ጥገናው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ርእሰ መምህራችን አቶ ወልደ ዮሐንስ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቋት። እኔም አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ስትገሠጽ ለማየት።

"ደጀ ሰላም ነው ጌታየ" አለች። "ቤተ ስኪያን ስንሄድ ውስጥ ለመዝለቅ ያልተመቸን ቀን ደጀ ሰላም ቆመን እናስቀድስ የለም? ቅዳሴው አይቀርብን፤ ለምን ቆምሽ ብሎ የሚያሳፍረን የለ። ሳል የያዘውም እዚያ ሆኖ ፊደሉን ይቁጠር እንጅ ቤቱማ ከሄደ አይመለስም።"

አቶ ወልደ ዮሐንስ "ይኼን የጤና ክበቡ እንዴት ሳያስበው ቀረ?" አሉ፤ ወደ እኔ ዞረው። ደሜ ፈላ።

ከዚያ ወዲህ የታመመ ልጅ ፈልጎ የሚያወጣ ሰው አላስፈለገም። ጧት በሩ ላይ ትቆማለች፤ ልጁ ራሱ ጠጋ ይልና "እታለም፣ እኔ ዛሬ ደጀ ሰላም ነኝ" ይላታል። የሚስቅበት የለም። እያንዳንዱ ልጅ ከአገሩ ቄስና ከእናቱ ጋር ያየው ነገር ነውና። ትኩሳት ያለበትን ግን እሷው ቤቱ ታደርሰዋለች፤ ለወላጆቹም የሚመለስበትን ቀን ነግራ፣ በቀኑ ካልመጣ ራሷ ሄዳ ታመጣዋለች። በርሜሉ ላይ በገመድ ታስሮ አራት መቶ ልጅ አፉን የሚያደርግበትን ጆግም ቆርጣ ጣለችው። እያንዳንዱ ልጅ ግማሹ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ስሙን ጽፎ እንዲያመጣ አደረገች። እኔ ስለ ጆጉ ሦስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ተናግሬያለሁ። ሄጄ መቁረጡ አልታየኝም።

ይኼ ሁሉ ቢሆን ምራቄን ውጬ እችለው ነበር። ያልቻልሁት ሕሊናን ነው። ማታ በባጃጅ ስንመለስ ወሬዋ ሁሉ እታለም ሆነ። እታለም እንዲህ አለች፤ እታለም ጥርሴን አየችልኝ፤ የእታለም እጅ ይሞቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ በዚያ ግቢ ውስጥ ነበርሁ። ልጄን ሊያሳድግ የሚደክመው እጅ የእኔ ነው። መጥረጊያ የያዘ እጅ ሞቀ ሲባል መስማት አንጀቴን አሳረረው። "እሷ ሥራዋ መጥረግ ነው፤ አታስቸግሪያት" አልኋት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እታለም አላወራችኝም፤ ስለ ሌላ ነገርም ብዙ አላወራችኝም።

ኅዳር እንደገባ አቻምየለሽ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ መጣች። መጀመሪያ ፈተና እያረምሁ ነበርና "ሥራ ላይ ነኝ" አልኋት። ሁለተኛው ቀን እጇን አጣምራ በር ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ ስለዚያ ስለ አግዳሚው አንድ ነገር ላጫውትዎ ብየ ነበር" አለች።

"የጤናውን ነገር ለእኔ ተይው" አልኋት። "አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ።"

"እሽ እመቤቴ" ብላ ሄደች። ስትሄድ ደስ አለኝ። ይኼንን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ዕለት ግን ደስ ብሎኛል።

በዚያው ሳምንት ከወረዳው እንግዶች ሊጎበኙን እንደሆነ ተነገረ። አቶ ወልደ ዮሐንስ "አቻምየለሽ ስለ ደጀ ሰላሙ ታስረዳ" ሲሉ ሰማሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። እንግዶቹ የሚመጡት ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ለት። እሷ ደግሞ የቄስ ልጅ ናት፤ ለንግሡ አስፈቅዳ እስከ እኩለ ቀን አትኖርም። እግዜር ራሱ መንገዱን የጠረገልኝ መሰለኝ።

ኅዳር ሲታጠን ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። የድሮ ሰዎች በኅዳር በሽታ ጊዜ፣ ያ የዓለሙ ሁሉ ጉንፋን አገር ሲጨርስ፣ ቆሻሻ አቃጥለው አካባቢያቸውን አጠኑ፤ እኛም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን እናጥናለን። ታዲያ ለጤና ክበብ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ እቅፍ ደረቅ ቆሻሻ ይዞ እንዲመጣ አዘዝሁ። የተነቀሉትን መስኮቶች ከመጋዘን አስወጥቼ በቦታቸው አስገጠምሁ፤ ግቢው የተሟላ ይምሰል ብዬ። አግዳሚዎቹንም አስነሣሁ። የተሰበረ ወንበር በሽቦ ታስሮ ለእንግዳ አይታይም። አግዳሚ ላይ የሚቀመጡትን ልጆች "ዛሬ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ" አልኋቸው። ሕሊናን ነጭ አልብሼ ግጥም እንድታነብ ከፊት አቆምኋት።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። በእኛ አገር በኅዳር በየቤቱ ያለው ደረቅ ቆሻሻ ምንድን ነው? የበርበሬ እንጨት፣ የበርበሬ ገለባ፣ ነቅዞ የተለቀመ በርበሬ። አራት መቶ ልጅ እቅፉን በርበሬ ተሸክሞ መጣ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ክምሩን አይቼ "ጎበዞች!" አልሁ። እንግዶቹ ሲቀመጡ ክብሪት ጫርሁ።

መጀመሪያ ያሳሉት ከወረዳው እንግዶች አንዱ ነበሩ፤ በክንዳቸው መሸፈኑን እንኳ ረሱት። ከዚያ ግቢው ሁሉ በሳል ተናጠ። ጭሱ ቀይ አይታይም እንጂ ቀይ ነበር። ዐይን ይጠብሳል፤ ጉሮሮ ይቆርጣል። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስተዋት ዘጉ። እኔ "ግቡ! ግቡ!" እያልሁ ልጆቹን በቅርብ ወዳሉት ሦስት ክፍሎች አጎርኋቸው፤ ጭሱ እንዳይገባ መስኮቱን ሁሉ አስዘጋሁ። መቼስ መስኮት ስላስገጠምሁ አመሰገንሁ! ሳል ያለበትና የሌለበት፣ አፍንጫው የሚንጠባጠበውና ደኅናው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ከአንድ ሰዓት በላይ አብሮ ሳለ።

አቻምየለሽ ከንግሡ ስትመለስ ክምሩ ገና ይጨስ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች። መስኮቶቹን አንድ በአንድ በርግዳ ከፈተችና ዐይኗ ሰው ይፈልግ ጀመር። ሕሊናን ካገኘቻት በኋላ ነው መፈለጓን ያቆመችው። ለምን ከአራት መቶ ልጅ የእኔን ትፈልጋለች ብዬ ተቆጣሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከተማሪው ግማሹ አልመጣም። የመጡትም ዐይናቸው ቀልቶ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተዋል። መምህራንም ወደቁ። ሕሊና ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ውስጥ ወደቀች። እኔ ከሌላው ጫፍ ሮጬ ስደርስ አቻምየለሽ አዝላት ወደ አስፋልቱ እየወረደች ነበር። ልጄን ከጀርባዋ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"ትንፋሿ ያጥራል ቲቸር፤ ሲያወርዷት ይብስባታል" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሃያውን ደቂቃ ከኋላቸው ባዶ እጄን ተከተልሁ።

ከአስፋልቱ በባጃጅ በደረስንበት ጤና ጣቢያ ተስፋው የሚባል ወጣት ነርስ ተቀበለን። ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ ቀና አለ።

"ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

"ከትናንት ወዲያ" አልሁ። "የጭስ ነው።"

ነርሱ ራሱን ነቀነቀ። "ይኼ የሁለት የሦስት ቀን አይደለም። በደንብ ያስታውሱ፤ መድኃኒቱ በዚያ ነው የሚወሰነው።"

የማስታውሰው ነገር አልነበረኝም። አቻምየለሽ ዐይኗን ወደ እኔ መለሰች፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል።

"ከኅዳር አምስት ጀምሮ ነው ጌታየ" አለች። "መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን አክታ አመጣ። የሚጠናባት ጧት ነው። ቀን ላይ ስትሮጥ ደረቷ ያፏጫል። ትኩሳት ከትናንት በፊት አልነበራትም። ዳማከሴ አልቀመሰችም።"

ነርሱ እየጻፈ "ጎሽ፤ እንዲህ የሚከታተል እናት ብናገኝ ሥራችን ይቀል ነበር" አላት።

"እናቷስ እሳቸው ናቸው" አለች፤ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ነርሱ አየኝ። በዚያች ደቂቃ ማሰብ የነበረብኝ ስለ ልጄ ሳንባ ነበር። እኔ ግን ያሰብሁት ያች ሴት በሰው ፊት እናትነቴን እንደ ምጽዋት መልሳ እንደሰጠችኝ ነው። ቅናት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የልጅ ትንፋሽ ሲያጥር እንኳ ቦታውን አይለቅም።

ሕሊና መርፌ ተወግታ ስትተኛ አቻምየለሽን ወደ ውጪ ጠራኋት።

"እንዴት አትነግሪኝም?" ብዬ ጮኽሁባት።

"ሁለት ጊዜ መጥቸ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አንደኛው ሥራ ይዘው ነበር። ሁለተኛው መጥረጊያሽን ያዢ አሉኝ። ልጅቱም በሚካኤል አስምላኛለች፤ እንዳትነግሪ ብላ። እኔ ግን መሐላውን አፍርሸ ነበር የመጣሁ።"

"ለምን? ለምን እንዳትነግሪኝ አለችሽ?"

አቻምየለሽ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ልትነግረኝ አልፈለገችም። ክንዷን ይዤ ነቀነቅኋት።

"'ቲቸር በሰልፍ ፊት ታወጣኛለች' ነው የምትል" አለች።

አምስት ቀን ሙሉ ልጄ ከሁለተኛ ክፍል መስኮት ውጪ ተቀምጣ ተምራለች። ያን አግዳሚ ላለማየት ብዬ በዚያ በኩል አላልፍም ነበርና አላየኋትም። ጧት ጧት እኔ ለባጃጅ ስጣደፍ እሷ ፊቷን ልትታጠብ ጓሮ ወጥታ ትቆይ ነበር። ንጽሕና ወዳድ ሆነችልኝ እያልሁ ጎረቤት ላይ ስኮራበት የከረምሁት ያ ነው፤ ጓሮ ሄዳ ነበር የምታስለው።

ሕሊና በሦስት ሳምንት ዳነች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ያልተመለሱትን አቻምየለሽ በየመንደሩ ዞራ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ቅዳሜ አብሬያት ሄጃለሁ። የሄድሁት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዳገቱ ላይ "ቲቸር፣ ጫማዎ ለዚህ አይሆንም" አለችኝና የእሷን ሸበጥ ልትሰጠኝ አወለቀች። እምቢ አልሁ። እግሬ ተላጠ። መስኮቶቹን ራሴ ነቅዬ መጋዘን አስገባሁ። በሰልፍ ፊት ልጅ ማውጣትም ተውሁ። ከአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ምናልባት ትልቁ ይኼ ነው፤ መተው። ሕሊናንም "ከእንግዲህ በሩ ውስጥም ውጪም እናትሽ ነኝ" አልኋት። እሷ ግን "እሺ ቲቸር" አለችኝ።

ጥር ላይ አንድ ጧት መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሜ ከባልደረቦቼ ጋር ሳወራ ሕሊና እየሮጠች መጣች። ሁሉም እያዩ ቀሚሴን ያዘችና "እማየ፣ ጉሮሮየን አሞኛል" አለችኝ።

ልጅሽ ታመመች ተብላ ደስ ያላት እናት ከእኔ በቀር በዚህ አገር ያለች አይመስለኝም። ቁጢጥ አልሁ። ከአቻምየለሽ አስቀድማ ለእኔ መንገሯ ነው ብዬ ዓለም የእኔ ሆነች።

"ለእኔ በመጀመሪያ ስለ ነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ" አልኋት።

ሕሊና መዋሸት አታውቅም።

"መጀመሪያማ ለእታለም ነው የነገርኋት" አለች። "እታለም ናት፣ 'ሂጅ ለእናትሽ ንገሪያት፤ አትቆጣሽም' ያለችኝ።"

ቀና ስል አቻምየለሽ ከበሩ ላይ በመጥረጊያዋ ተደግፋ ታየን ነበር። ስታየኝ ቶሎ ብላ ወደ መጥረጓ ተመለሰች። ያው ጆሮዬ ጋለ። እጄን ግን የልጄ ግንባር ላይ አሳረፍሁ፤ ትኩሳት እንዳላት ለማወቅ የእኔም እጅ ይበቃል።